አየር እንቀበል፣ መስኮቱን ዝጉት

ሥልጣን ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ሰው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ በመስኮት በኩል የተቀመጠችውን ሴትዮ ይመልከት። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባለች። ቀትር ነው፤ ታክሲው ሞልቶ ከመርካቶ ወደ አስኮ ይንፏቀቃል። ከፊት ያለው ሰውዬ እግሩ ሥር አንድ ፌስታል ሽንኩርት አስቀምጧል። አጠገቡ ያለው ልጅ ኳስ ሲጫወት ውሎ መምጣቱን ማንም ሳይነግረን አውቀናል። መስታወቱ ላብ አውጥቷል። ሴትዮዋ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ "መስኮቱን ዝጋው፣ ጎኔን ወጋኝ" ትላለች።

ይዘጋል። ድምፅ አይሰጥበትም፣ ይግባኝ አይጠየቅበትም። አሥራ አንዱ ሰው አልቦት አንዱ ከበረደው፣ በታክሲ ሕግ የሚፈረደው ለበረደው ነው።

አንድ ቀን አንድ ደፋር ወጣት የተዘጋውን መስኮት በጣት ስፋት መልሶ ከፈተው። ማንም አልጮኸበትም። አንድ የጎለመሱ ሰው ብቻ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ "ልጄ፣ አንተ ገና ወጣት ነህ" አሉት። ለዚህ ምን መልስ አለው? ዘጋው።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ኮሮና አገር ውስጥ ገባ ሲባል፣ የታክሲ መስኮት ይከፈት የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ነበር። እጃችንን ታጠብን። መጨባበጥ ተውን። አፍና አፍንጫችንን ሸፈንን፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ተራርቀን ተቀመጥን። መስኮት ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ሃይማኖት ሆነ። "ኮሮናው እስኪገድለኝ ብርዱ ይጨርሰኛል" ስትል በጆሮዬ የሰማኋት ሴት አለች።

ሐኪም ስለ ቫይረስ ሊያወራ ይችላል፤ ሥራው ነው። እኛ ግን ሕመሙ የገባበትን ቀን፣ የገባበትን ጎን፣ መስኮቱን የከፈተውን ሰው መልክ ጭምር እናውቃለን። መድኃኒቱም ከጓሮ አይርቅም፤ ዳማከሴ ይታሻል፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጣል፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ይደረባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

ታዲያ እነዚሁ ሰዎች ናቸው እሁድ ጠዋት ተነስተው፣ "እስቲ ከከተማ ወጣ ብለን ንጹሕ አየር እንቀበል" የሚሉት።

በቤተሰባችን የዚህ ወገን መሪ አማቴ ናቸው። አየር ይወዳሉ። "አየር ያጣ ሰው ቶሎ ያረጃል" ይላሉ። የመኝታ ቤታቸው መስኮት ግን ከየትኛው መንግሥት ጀምሮ እንደተዘጋ የሚያስታውስ የለም፤ ከፊቱ ቁም ሳጥን ተተክሎበታል።

ሳስበው ግን በአማቴ ብቻ መፍረድ ግፍ ነው። ይህች ከተማ ራሷ ከብርድ ሸሽታ የተቆረቆረች ናት። ምኒልክና ጣይቱ አስቀድመው የከተሙት እንጦጦ አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ተራራ ላይ ነበር። ለምሽግ መልካም ነው፤ የመጣ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ግን ነፋሱ አያስቀምጥም፣ ማገዶው እየራቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ወርደው ሙቀቱን ቀመሱት። በ1879 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ መኳንንቱም ድንኳኑን ነቅሎ ተከተለ። አዲስ አበባ ማለት እንግዲህ መስኮት ዝጉልኝ ተብሎ የተሠራ ከተማ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ አልፎ፣ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ እንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ልጆቻችንን አንጠልጥለን፣ እየተጋፋን፣ አያቶቻችን ወደሸሹት ተራራ ወጣን። ለምን? አየር ለመቀበል። እቴጌይቱ ቀና ብለው ቢያዩን ምን ይሉን ነበር?

ጥቅምት ላይ የባለቤቴ ወንድም ከሜሪላንድ መጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ፤ ቁርጥ በላ፣ ሆዱን ታመመ፣ ከዚያ ስለ ጸጥታ ማውራት ጀመረ። እሱ በሚኖርበት ግዛት ተራራማው ጫፍ ላይ ዲፕ ክሪክ ሌክ የሚባል የግዛቱ መንግሥት ፓርክ አለ። ከዋሽንግተን የሦስት ሰዓት መንገድ ያህል ነዳ ሲሉ ይደረሳል። ሐይቅ አለው፣ ጫካ አለው፣ የእግር መንገድ አለው። ጸጥታ የሚከበርበት ሰዓት በሰሌዳ ተጽፏል። ሰው ቢያገኙ እንኳ ፈገግ ብሎ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል፤ ቡና ጠጡ የለ፣ የማን ልጅ ነህ የለ።

"እዚህስ እንዲህ ያለ ቦታ የለም?" አለ። "ተራራ፣ ውሃ፣ ጸጥታ።"

የቤተሰብ ሸንጎ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተጠራችው ወንጪ ናት። ለዚህ ጥያቄ እውነተኛው መልስ እሷ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ተራራ ሆድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ መሀሉ ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት፣ ቁልቁል የሚያወርድ ፈረስ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደር ብሎ መዝግቧታል። አማቴ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" መቶ ሃምሳ ያህል ተባለ። "ፈረስ ላይ እኔን?" አሉ። ወንጪ ወደቀች።

ቀጥሎ ሱሉልታ። ከእንጦጦ ማዶ ነው፤ የጎጃም መንገድ አቋርጦት ያልፋል። ክረምት ሜዳው ውሃ ያቁራል፣ መስከረም ሲጠባ ቢጫ አበባ ይለብሳል፣ ሣሩ ታጭዶ ይከመራል። አማቴ ግን ከሱሉልታ ጋር የቆየ ጸብ አላቸው። ደብረ ሊባኖስ ሲሳለሙ በሌሊት ተነስተው በዚያ ሲያልፉ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በዚያ ብርድ፣ በቁምጣ የሚሮጡ ልጆች አዩ።

"እነዚህ እናት የላቸውም?" አሉ።

አትሌቶች መሆናቸው ተነገራቸው። ሱሉልታ የዓለም ሯጮች የሚለማመዱበት አገር መሆኑ፣ ቀነኒሳ በቀለ እንኳ እዚያ የመሮጫ ሜዳ መገንባቱ፣ ስንትና ስንት ሜዳሊያ ከዚያ ብርድ ውስጥ መውጣቱ ተዘረዘረላቸው።

"ወርቁ ሳንባ ይሆናል?" አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ። ሱሉልታም በዚሁ ወደቀች።

ሰበታ የእኔ እጩ ነበረች። ሰበታ ሐይቅ የላትም። ግን ሰበታን የማያውቅ ነው በዚህ የሚንቃት፤ ጣና፣ ዝዋይ፣ ጫሞ እያሉ ብሔራዊው የዓሣ ምርምር ማዕከል የተቀመጠው ሰበታ ነው። ባሕርም የላትም፤ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ግን ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ የሚጀምረው ከእሷ ነው። ውሃ ሳይኖራት ዓሣውንም ባሕሩንም በእጇ አስገብታለች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? ሰበታ ምን እንደምታወጣ ወደፊት እናያለን።

እኔ ያሰብኩት ግን ከሰበታ ዘልቆ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ይህ ደን ታሪክ አለው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ አይተው፣ የጽድ ዘር ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይተረካል። ዛሬ ችግኝ ተከልን ብለን ፎቶ የምንለጥፍ ሰዎች ዘርዓ ያዕቆብ ያለ ፎቶ የተከሉት ጽድ ሥር ቆመን አንገታችን እስኪሰበር ወደ ላይ እናያለን። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲሉ ኮሶው፤ ከኮሶው በላይ አስታ። ጉሬዛ ነጭ ካባውን አንዘርፎ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ጥቁሩ ድኩላ፣ ዕድለኛ ለሆነ ሰው፣ ብቅ ብሎ ይጠፋል።

ምኒልክን ካነሳን አይቀር፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ማገዶ ቢያልቅባቸው ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይበቅላል፣ ይቆረጣል፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። እኛም የባሕር ዛፍ ልጆች ሆነን ቀረን፤ ጽድ የሚጠብቅ ትዕግሥት ከየት ይምጣ?

ሱባ አንድ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ሄጃለሁ። ደኑ ውስጥ ገብተን ጥቂት እንደተራመድን የሁላችንም ወሬ ቆመ። እንዲያ ያለ ዝምታ ከተማ ውስጥ የለም። ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል። ከመካከላችን አንዱ፣ በሥራ ቦታ ሰው አላሠራ አለኝ እያለ ሁልጊዜ የሚያማርር የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዙሪያውን አየና "ኧረ ይሄ ነገር ያስፈራል" ብሎ ከቦርሳው የድምፅ ማጉያ አወጣ። ጫካው በጭፈራ ተናወጠ። ያን ጊዜ ጉሬዛዎቹ ወደ እኛ ዘወር ብለው ያዩንን አስተያየት አልረሳውም። የአስጎብኚው ፊትም ከጉሬዛዎቹ የተለየ አልነበረም።

አማቴ ሱባን የጣሉበት ምክንያት አጭር ነው። "ጫካ ውስጥ ጥላ ነው፤ ጥላ ደግሞ ብርድ ነው።"

ቀረ ቡራዩ። ከቡራዩ ወጣ ብሎ፣ በአምቦ መንገድ፣ ገፈርሳ አለ። ሰፊ ውሃ፣ ዙሪያው ሣር፣ ባሻገር ተራራ። "ከመኪና ሳይወረድ ይታያል?" ብለው ጠየቁ። ከመንገዱ ይታያል ተባለ። ሸንጎው ተበተነ።

(ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ በሚባለው ሥር ተጠቃለዋል። እኛ ግን አሁንም "ቡራዩ እንሂድ" ነው የምንለው። ሸገር እንሂድ ቢባል አማቴ እቤት ነኝ ብለው ቁጭ ይሉ ነበር፤ ለእሳቸው ሸገር ማለት ከጥንትም የሚኖሩበት ነው።)

ጸጥታ ፍለጋ ስንሄድ የጫንነው ይህን ነው፦ ጀበና ከነረከቦቱ፣ ምድጃ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል፣ ድፎ ዳቦ፣ ዶሮ በድስት፣ ቄጠማ በፌስታል፣ አራት ጋቢ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ትልቅ ፍራሽ፣ ሰባት ልጆች። የባለቤቴ ወንድም እየቆጠረ ያየናል። "ዲፕ ክሪክ አንድ ሳንድዊች ይዤ ነው የምሄደው" አለ። አማቴ በሐዘኔታ አዩት። "ብቻህን ስለሆንክ ነዋ ልጄ" አሉት። ሥጋ ለመጨመር ክርክር ተነስቶ፣ "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚለው ጥቅስ ተጠቅሶ፣ አሸዋ ሜዳ ላይ ቆመን ሦስት ኪሎ ጥብስ ሥጋ ተጨመረ።

አሸዋ ሜዳ ላይ መቆማችን ግን በሥጋው ብቻ አይደለም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። የጭነት መኪናው ከጎን ጭሱን ይተፋል። በዚያች ሰዓት ከመካከላችን አንዱ ልጅ መስኮት ከፈተ። አማቴ ምንም አላሉም። ነጠላቸውን ብቻ ወደ ላይ ሳብ አደረጉት። ልጁ ዘጋው፤ ጥሩ አስተዳደግ ነው።

ገፈርሳ በጥቅምት ሲያዩት ያምራል። ክረምቱ ሞልቶት ሄዷል፣ ውሃው እስከ ሣሩ ጫፍ ደርሷል፤ ባሻገር የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ ከዚያ ወዲያ የመናገሻ ተራራ። ከብቶች ይግጣሉ። ከፍታው 2,600 ሜትር ገደማ ነውና ነፋሱ ሥራውን ያውቃል። መኪናችን ጥግ ይዞ ቆመ። እኛ ወረድን፣ ልጆቹ ተበተኑ፣ ሴቶቹ ፍራሽ አነጠፉ። አማቴ አልወረዱም። የኋላውን በር አስዘግተው፣ በመስታወት በኩል ውሃውን እያዩ፣ በረጅሙ ተነፈሱ።

"እንዴት ያለ አየር ነው!" አሉ።

በመኪናው ውስጥ የነበረው አየር ከኮልፌ አብሮን የመጣው ነው። ዶሮው፣ ከሰሉ፣ የሹፌሩ ሲጋራ ጭምር ነበረበት። ግን ማን ይናገራል?

የባለቤቴ ወንድም ፈንጠር ብሎ ውሃውን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ። "ይሄ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም አይደል?" አለኝ። አይደለም። ለአዲስ አበባ መጠጥ ውሃ ተብሎ በ1930ዎቹ የተገደበ ነው። እሱም ሳቀ። ዲፕ ክሪክም እንዲሁ ነው ለካ፤ በፈረንጆቹ 1925 ለኤሌክትሪክ ኃይል ተብሎ ወንዝ ተገድቦ የተሠራ ሐይቅ ነው። አንዱ አምፖል ሊያበራ፣ አንዱ ጀሪካን ሊሞላ ተገድቦ፣ ሁለቱም ሽርሽር ወጡ።

"ስሙ!" አለን በድንገት፣ እጁን አንስቶ። "እስቲ ለአንድ ደቂቃ ዝም በሉ።"

ዝም አልን። ሣሩ ይንሿሿል። ከውሃው ዳር የሆነ ወፍ ይጮኻል። ከዚያ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ፣ አንዱ ልጅ ወደቀ፣ ጥብሱ መጥበሻ ላይ ጮኸ፣ የሹፌሩ ስልክ አቃጨለ።

ቡናው ላይ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ፣ ሜሪላንድን በተመለከተ እውነቱ ወጣ። ዲፕ ክሪክ መጀመሪያ የሄደ ቀን ሐይቁ ዳር ብቻውን ተቀመጠ። ድምፅ የለም፣ ሰው የለም። ትንሽ እንደቆየ ልቡ ይመታ ጀመር። የሞተ ሰው ያለ መሰለው። ስልኩን አወጣና እናቱ ጋ ደወለ።

"ያን ሌሊት የደወልከው?" አሉ አማቴ፣ ከመኪናው ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርገው። "በእኩለ ሌሊት ስልክ ሲጮህ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ነው እኮ የተነሳሁት! ማን ሞተ ብዬ! 'ምንም የለም እማዬ፣ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ነው' አለኝ። ሐይቅ ዳር ቁጭ ያለ ሰው በሌሊት እናቱን ይቀሰቅሳል?"

ከእኛ ራቅ ብሎ ሁለት ፈረንጆች ባለ ሦስት እግር መነጽር ተክለው ቆመዋል። ከመጣን ጀምሮ አልተንቀሳቀሱም፣ አልተናገሩም፣ አልበሉም። የሰፈሩ ልጆች ከበዋቸው፣ መነጽሩ የሚያየውን ለማየት ወደ ውሃው ያያሉ። "ምን ጠፍቷቸው ነው?" አሉ አማቴ። ወፍ ፍለጋ ነው ስንላቸው ጨርሶ አልተዋጠላቸውም። ልጅ በጀበና ቡና ተላከ። ፈረንጆቹ ጠጡ፣ ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑ፤ ሲኒ ያመጣው ልጅም በተራው መነጽሩን አየ። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ይበራል። "ዝይ ነው!" አለ። "አንገቱ የለም!"

ሄደን አየን። እውነት ነው። ሰማያዊ ክንፍ ያለው፣ በኢትዮጵያ ደጋ እንጂ በሌላ አገር የማይገኝ ዝይ ነው። ሁለት ሆነው ሣሩ ላይ ቆመዋል። አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያጋድመዋል፤ ሲራመድ እንኳ አያነሳውም። ላባው ለደጋ ብርድ ስለተሠራ ወፍራምና ልቅ ነው፤ ማለዳ ከቤቱ በራፍ ላይ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ የቆመ አዛውንት ይመስላል። ፎቶ አንስተን ለአማቴ አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት።

"እሱ እንኳ ብርድ ያውቃል" አሉ።

ከዚያ ፎቶውን መልሰው አዩት። ከዝይዎቹ ኋላ ውሃው ይታያል። "ይሄ ውሃ የምን ነው ያላችሁት?"

የመጠጥ ነው። የአዲስ አበባ።

"የኛ?"

የባለቤቴ ወንድም ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፣ ስልኩን ከፍቶ ያነብላቸው ጀመር። የገፈርሳ ማጣሪያ አቅሙ በቀን 30 ሺህ ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። "በጀሪካን ተናገር" አሉት። አሰላው። በባለ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን አንድ ሚሊዮን ተኩል ይሆናል።

"በቀን?"

በቀን።

አማቴ በሩን ከፍተው ወረዱ። ያ ነፋስ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንስቶ ወደ ኋላ አውለበለበው፤ ዞር ብለውም አላዩትም። ወደ ግድቡ አቅጣጫ፣ ሰንበቴ የሚዘልቁበትን እርምጃ እየተራመዱ፣ ኮፍያ አድርጎ የቆመው የጥበቃ ሠራተኛ ጋ ደረሱ። እኛ ጋቢ ይዘን ከኋላ ሮጥን።

"እንደምን ዋልክ የኔ ልጅ። ይሄ ውሃ የማነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን እማማ። የመንግሥት ነው።"

"እሱማ ምን የመንግሥት ያልሆነ አለ? የሚሄደው ወዴት ነው?"

"ወደ አዲስ አበባ ነው።"

"ኮልፌ ይደርሳል?"

"ኮልፌማ ጎረቤት አይደለች እንዴ? ምን ያግደዋል?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ፤ ምን አገደው? እኔ ቤት በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ነው የሚመጣው። እሱም ሲመጣ። አንድ ሚሊዮን ተኩል ጀሪካን እያለ እኔን ሁለት ጀሪካን ማን ነው የከለከለኝ?" የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ተረት እዚያ ቦታ ላይ፣ ለሚመለከተው ባይሆንም ለቆመው ሰው፣ ሙሉው ተተረተ።

ልጁ ደግ ልጅ ነው። የእሱ ሥራ ከብት እንዳይገባና ሰው እንዳይዋኝ መጠበቅ ብቻ መሆኑን አላስረዳም። ራሱን እያወዛወዘ፣ "ልክ ነዎት እማማ፣ ልክ ነዎት" ይላል።

"ዝይዎቹስ? እዚያው ውስጥ ናቸው እኮ። ይሄን ነው የምንጠጣው?"

"ይጣራል እማማ። ክሎሪን ይደረግበታል።"

"እሱስ ይሸተኛል" አሉ፣ ትንሽ ለዘብ ብለው። ሊሄዱ ሲሉ መለስ አሉና ክንዱን ያዙት። "ብቻ ስማኝ ልጄ፣ ሐሙስ አደራህን። እንግዳ አለብኝ፤ ልጄ ከአሜሪካ መጥቷል።"

"ችግር የለም እማማ" አለ ልጁ። ሌላ ምን ይበል?

ፈረንጆቹ መነጽራቸውን ከዝይዎቹ ላይ አንስተው ይህንን ሲያዩ እንደነበር ያየሁት ስንመለስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት በአማቴ ቤት ቧንቧው ተንፈቀፈቀ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያ ወረደ። እስከ ማታ አልቆመም። በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ የዶሮ ወጡ ድስት ጭምር ሞላ። አማቴ ግቢው መሀል ቆመው እጃቸውን ወደ ምዕራብ ዘርግተው መረቁ። "ያ ልጅ ቃሉን ጠበቀ" አሉ። ሐሙስ መቼም ቢሆን የፈረቃቸው ቀን መሆኑን ያነሳባቸው የለም፤ ሜሪላንዱ ሊያነሳ ሲል እህቱ እግሩን ረገጠችው።

ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ተጋገረ። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ አምቦ መስመር ለሚጭን የሰፈር ሹፌር ተሰጠ።

"ቡራዩን አልፈህ፣ ውሃው ጋ፣ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ታገኛለህ" አሉት አማቴ። "ከኮልፌ እናትህ ነው በለው። እግዚአብሔር ያክብርህ ብላሃለች በለው።" መኪናው ሲነሳ መስታወቱን አንኳኩተው አስወረዱትና ጨመሩ፦ "ማክሰኞንም ቢደርብበት አልቀየምም በለው።"